ዳዮዱን ማን አቃጠለው?

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ አብራችሁኝ የወሰዳችሁ የክፍሌ ልጆች የዚህን ታሪክ ጫፍ ጫፉን ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ግን «የመኪና ዲናሞ በጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቡለቲን ላይ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። ጽሑፉ ከዲናሞ ይጀምር እንጂ የሚያበቃው እኛው ሙያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ጋራዥ አለችው። ሥራው በአብዛኛው ዲናሞና ሞተሪኖ መጠገን ነው። ማታ ቤት ሲገባ ስታኞና ግራሶ ይሸታል። እኔ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ካቻቢቴና ፒንሳ ለይቼ አቀብለው ነበር። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አማርኛ፣ እንደውም የእኛ ቤት አማርኛ ይመስሉኝ ነበር።

«ዲናሞ» የሚለው ስምም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ መኪኖች ላይ ይገጠም የነበረው እውነተኛው ዲናሞ ነበር። እሱ ታዲያ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ባትሪ የመሙላት አቅሙ ደካማ ነው። የሲሊከን ዳዮድ ከመጣ በኋላ ግን ቦታውን አልተርኔተር ወሰደው። ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት በምትባለው መኪናው ላይ መደበኛ ዕቃ አድርጎ ገጠመው። እኛ አገር ዕቃው ሲቀየር ስሙ አብሮ አልተቀየረም። ስለዚህ እኔም እንደ አባዬ «ዲናሞ» እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ይህን የምታነቡ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለማያውቀው ሰው አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ሞተሩ በቺንጋ ዲናሞውን ያዞረዋል። ሞተሩ አንዴ ሲዞር ዲናሞው ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል። ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ክፍል በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ጥቂት አምፔር ይቀበልና ማግኔት ይሆናል። በዙሪያው ባለው የመዳብ ጥቅልል ውስጥም ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ከረንት ይፈጠራል። ባትሪ ግን የሚመላለስ ነገር አይወድም፤ የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰውን ብቻ ነው። ዳዮድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዳዮድ ማለት እንደ በር ዘበኛ ነው፤ በዚህ በኩል እለፍ ይላል እንጂ ተመለስ አይልም። በአብዛኛው ዲናሞ ላይ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ በፖዘቲቭ፣ ሦስቱ በኔጋቲቭ በኩል። ሬጉሌተር የሚባለው ደግሞ ቮልቴጁ ከ14 ተኩል ገደማ በላይ እንዳይወጣ ይጠብቃል። ከእነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች አንዷ ስትታመም ትልቁ መኪና አብሮ ይታመማል።

ታሪኬ የሚጀምረው በአንዲት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነው፤ ባለናፍጣ ሃይስ። ሾፌሩ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ መኪናዋን በዕቁብና በብድር የገዛ ሰው ነው። አንድ ቀን ማታ የባትሪ ምልክቷ በርታ፣ የፊት መብራቷም ፈዞ ጋራዥ ደረሰች። አባዬ ዲናሞውን ፈትቶ በቴስተር ሲለካ አንዱ ዳዮድ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። ዘበኛው ሞቷል ማለት ነው። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አዲስ የዳዮድ ሰሌዳ ተገዝቶ ተገጠመ። መኪናዋም ሄደች።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ተመለሰች። ያው ዳዮድ። ተቀየረ። እንደገና ሁለት ወር ሳይሞላ ተመለሰች። በሦስተኛው ጊዜ ሾፌሩ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለን ነበር። ጎማ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ብቻ አለ፦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ የምሠራው ለልጆቼ ሳይሆን ለዲናሞ ሆነ።»

አባዬ በጣም አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ የሚቆጣበት ይፈልጋል። «ዕቃው ፎርጅድ ነው!» አለ። «ያ ሽማግሌ ፎርጅድ እየሸጠልኝ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የፊቸር አሳይመንት ነበረብኝ። ርዕስ ፍለጋ ሦስት ቀን ሙሉ ጣራ ሳይ ከርሜ ርዕሱ እቤቴ ድረስ በእግሩ መጣልኝ። በአንድ ሌሊት ጻፍሁት። «ፎርጅድ መለዋወጫ የሰው እንጀራ ሲበላ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ሾፌሩን አናግሬያለሁ፣ ባለሙያውን (ማለትም አባቴን) አናግሬያለሁ፣ የተቃጠለውን ዳዮድ በዓይኔ አይቻለሁ። የነጋዴውን ስም ባልጠቅስም ሱቁ የት አካባቢ እንደሆነ ግን ቁልጭ አድርጌ ጽፌ ነበር፤ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ሲጨርስ በሩን ማንኳኳት ይችላል። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ኮርቼበት ነበር። ግድግዳ ላይ ይለጠፍልኝ ይሆናል ብዬም አስቤያለሁ።

ወረቀቱ ከመምህሬ ሲመለስ ውጤት አልነበረበትም። ከታች በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ተጽፋለች፦ «ነጋዴውስ ምን አሉ?»

ምን ይላሉ? አላናገርኋቸውም። «ጥፋተኛ መሆናቸው እየታወቀ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?» ብዬ ለራሴ ስመልስ ነው የደነገጥሁት። በአንደኛ ዓመት የተማርነውን አምስቱን ጥያቄዎች ታስታውሳላችሁ፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እንላቸው የነበሩትን። እኔ «ማን» የሚለውን አስቀድሜ መልሼ «ለምን» የሚለውን ሳልጠይቅ ነው የጨረስሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የተቃጠለውን የዳዮድ ሰሌዳ በፌስታል ጠቅልዬ ሶማሌ ተራ ሄድሁ። ለማያውቃት ሶማሌ ተራ መኪና ተፈታትቶ የተሰቀለባት ሰፈር ናት፤ በሩ እዚህ፣ መስታወቱ እዚያ፣ ዲናሞው ደግሞ እንደ ሽንኩርት ተደርድሮ። ሽማግሌው መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ማን እንደሆንሁና ለምን እንደመጣሁ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በርጩማ ሳቡልኝ።

«እስቲ አምጪው» አሉ። ሰሌዳውን ገልብጠው ገልብጠው አዩት። «ይሄ በሙቀት ብቻ የሞተ አይመስልም። ቢሆን ኖሮ ስታኞው ቀልጦ፣ ሰሌዳው ጠቁሮ ታይው ነበር። ሦስቱም እንዲህ ነበሩ?»

«አዎ» አልሁ።

«ልጄ፣ ከአንድ ካርቶን ላይ ስንት ሰው ገዝቶኛል። እየተመለሰ የመጣው ያንቺ አባት ብቻ ነው።» ትንሽ ዝም አሉና «አባትሽ ዲናሞውን ገጥሞ ሲጨርስ እንዴት ነው የሚፈትሸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን መልስ በደንብ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማደንቀው የአባዬ ትርዒት ነው። «ሞተሩን ያስነሳና መብራት ያበራል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅለዋል። መብራቱ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል ማለት ነው» አልሁ፤ ድምፄ ውስጥ ኩራት እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ውኃ በጎማ በኃይል እየፈሰሰ እያለ ጫፉን በድንገት ብትዘጊው ምን ይሆናል?»

«ጎማው ይወጠራል፤ ይፈነዳም ይሆናል።»

«ባትሪው ውኃው የሚፈስበት ገንዳ ነው። ገመዱን ስትነቅይው ገንዳውን ወሰድሽበት። ዲናሞው እንደሆነ ወዲያው ማቆም አይችልም። ያ ሁሉ ግፊት የት ይሂድ? ዳዮዱ ላይ ነዋ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብሁ። ሽማግሌው ልክ ናቸው። ዲናሞው ብዙ ከረንት እየሰጠ ሳለ ባትሪው በድንገት ሲለያይ ማግኔቱ ወዲያው ስለማይጠፋ ቮልቴጁ ከሰከንድ ግማሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይዘላል። መከላከያ የሌለው ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ከ80 እስከ 100 ቮልት ሊደርስ ይችላል። ለ14 ቮልት ሥራ በተዘጋጀ መሥመር ላይ ማለት ነው! ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ቮልቴጁ ሲዘል ራሳቸውን ከፍተው ወደ 35 ቮልት አካባቢ የሚገቱ ልዩ ዳዮዶችን የሚገጥሙት። በርካሹ ሰሌዳ ላይ ግን እነዚህ ላይኖሩ ይችላሉ። በእውነተኛው የድሮ ዲናሞ ዘመን ዳዮድ ስላልነበረ ገመድ መንቀል እንዲህ ያለ አደጋ አልነበረውም። አባዬን ያስተማረው ሰው የተማረው ከድሮዎቹ መካኒኮች ነበር። ትርዒቱ ከዕቃው ዘመን ተርፎ እኛ ጋራዥ ድረስ መጥቷል።

አሁን እንግዲህ ማታ ቤት መግባት አለ። እራት ቀርቦ አባዬ እጁን ሲታጠብ ጠብቄ ነገርሁት። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ዝርግፍ አድርጌ ነው የነገርሁት፤ ሽማግሌውን፣ ጎማውን፣ 100 ቮልቱን። አባዬ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ።

«ሃያ ስድስት ዓመት!» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚህ ስፈትሽ ኖሬ ዛሬ አንቺ ከመጽሐፍ አንብበሽ ልታስተምሪኝ ነው?»

እማዬ «ወጡ ቀዘቀዘ፣ ብሉ» አለች። ማንም አልበላም። እኔ ተነሥቼ ተኛሁ። በጨለማው ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ነጋዴው ጥፋተኛ በነበሩ ጊዜ ጽሑፉን በአንድ ሌሊት ጨረስሁት፤ አባዬ ጥፋተኛ ሊሆን ሲል ግን እስክሪብቶ ማንሣት አቃተኝ። ለማላውቀው ሽማግሌ ያልሳሳሁትን ለአባቴ ሳሳሁ።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። «ተነሺ፤ ደብተርሽን ያዢ» አለኝ አባዬ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሚኒባሷ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች። ሾፌሩም አለ። ዲናሞው በአዲስ ሰሌዳ ተጠግኖ ተገጥሟል፤ የባትሪውን ገመድ ግን ማንም አልነቀለውም። አባዬ ሞተሩን አስነሥቶ ባትሪው ላይ ለካ፤ 13.9 ቮልት። «እስካሁን እዚህ ላይ ነበር የማቆመው» አለ። ቀጥሎ የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን ሁሉ አስበርቶ ነዳጅ እንዲሰጥ ሾፌሩን አዘዘው። ዲናሞው ራሱ ላይ ሲለካ 14.1፤ ባትሪው ላይ ሲለካ ግን 12.9 ሆነ። እኔ ደብተሬ ላይ ቀነስሁ፤ 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የቴስተሩን አንድ እግር የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አደረገ። በጤናማ መኪና ይህ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። 1.1 አሳየ።

አባዬ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ሲነካው ተንቀሳቀሰ። የታሰረበት ብሎን ላልቷል። ፈትቶ አወጣና ልባሱን በካተር ሲሰነጥቀው ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። አብዛኛው ክር ተበጥሷል፤ የቀሩትም በመንገዱ ጉድጓድ ቁጥር የሚነካኩና የሚለያዩ ናቸው። አባዬ በጋራዥ ውስጥ በሦስት ጥገና ሦስት ጊዜ ያደረገውን ይህ ገመድ በየመንገዱ ሲያደርገው ነበር። ሚኒባሷ ጉድጓድ ስትመታ ባትሪው ከዲናሞው ይለያያል፤ ቮልቴጁ ይዘላል፤ ዳዮዱ ጥቂት ጥቂት ይታመምና አንድ ቀን ይሞታል።

አባዬ ገመዱን እጁ ላይ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለሾፌሩ እኔ እየሰማሁ እንዲህ አለው፦ «ዕቃው ፎርጅድ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕቃ ስቀይር ነበር እንጂ መኪና ስጠግን አልነበረም።» የሦስቱን ጊዜ የእጅ ዋጋም ቆጥሮ መለሰለት። ሾፌሩ ገንዘቡን ተቀበለ። መቀበልም ነበረበት፤ ሦስት ጊዜ የቆመ መኪና ሦስት ጊዜ የጎደለ ዕቁብ ነው። ቢሆንም መኪናዋን ሌላ ጋራዥ አልወሰዳትም።

ነጋዴው ጋ ደግሞ አባዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። ሁለት የዳዮድ ሰሌዳ ይዞ ሲመለስ ግን «ስንት ገዛኸው?» ብላ እማዬ ስትጠይቀው ሽማግሌው የጠሩትን ዋጋ ሳይከራከር መክፈሉን ሰማን። አባዬን የሚያውቅ ሰው ይህ ከይቅርታ በላይ መሆኑ ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ብዙ ነገር ተቀይሯል። የመጀመሪያው ሙቀትን የሚመለከት ነው። ዳዮድ ከረንት ሲያሳልፍ ትንሽ ቀረጥ ይቆርጣል፤ አንድ ቮልት ገደማ። ከረንቱ በአንድ ጊዜ በሁለት ዳዮዶች ስለሚያልፍ ሁለት ቮልት ይሆናል። ዲናሞው 60 አምፔር ሲሰጥ ይህ 120 ዋት ሙቀት ነው፤ የእጅ መዳፍ በምታክል ሰሌዳ ላይ ሁለት የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል እንደማብራት ማለት ነው። ይህን የሚያቀዘቅዘው የሚነፍስበት አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የትራፊክ መጨናነቅ አለ፤ ሞተሩ ሲዘገይ የዲናሞው ማራገቢያም ይዘገያል። ስለዚህ አባዬ አሁን ዲናሞ በፈታ ቁጥር የሰሌዳውን ክንፎች ከአቧራና ከቅባት ሳያጸዳ አይገጥምም። ድሮ «ይሄ ውበት ነው» ብሎ ይተወው የነበረ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስታኞው ነው። መዳብና ሲሊከን ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ መዳብ ስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ እየቆመች በምትነሣ ሚኒባስ ላይ ዕቃው ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። በመካከል ያለው ስታኞ በዚህ መጎተት ይደክምና ይሰነጠቃል። ችኩል ስታኞ፣ ማለትም ዕቃው በደንብ ሳይጸዳና ሳይሞቅ የተደፋ፣ ቶሎ ይለቃል። አባዬ ረዳቱን በዚህ ጉዳይ ምሕረት የለውም።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። የሞተ ባትሪ ያለበት መኪና ላይ አዲስ ዲናሞ መግጠም፣ የታመመ በሬ ከአዲስ በሬ ጋር እንደመጥመድ ነው፤ አዲሱ ሁለቱንም ሥራ ይሠራና ይወድቃል። አሁን ባትሪው መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላል፤ ካልያዘ ለባለቤቱ በግልጽ ይነገረዋል። አራተኛው በባለናፍጣ ሃይሶች ላይ የሚታይ ነው። እነዚህ መኪኖች ለፍሬን የሚያገለግል የአየር መሳቢያ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ አላቸው። ፓምፑ የሞተር ዘይት ያልፍበታል፤ መከላከያው ካረጀ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባና ካርቦኖቹን ያበላሻል። ካርቦኑን ብቻ ቀይሮ መኪናውን መላክ ያው የድሮ ጥፋታችን ነው። የቺንጋውም ነገር እንዲሁ፤ ከላላ ይንሸራተታል፣ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል።

አምስተኛው የእኔ አስተዋፅኦ ነው። ጋራዡ ውስጥ በሚስማር የተንጠለጠለ አንድ ትልቅ ደብተር አለ። ዓምዶቹን ያሰመርሁት እኔ ነኝ፦ ቀን፣ የመኪናው ዓይነት፣ የተበላሸው ዕቃ፣ ባዶውን የተለካ ቮልት፣ በጭነት የተለካ ቮልት። የመጨረሻው ዓምድ «ምክንያት» ይላል። የአባዬ ደንብ አንድ ነው፤ ይህ ዓምድ ሳይሞላ መኪናው ከጋራዥ አይወጣም። «ዳዮድ ተቃጠለ» የሚለው እንደ ምክንያት አይቆጠርም፤ እሱ የተበላሸው ዕቃ ስም ነው። ደብተሩን ስገልጠው የማየው ነገር ቢኖር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ውጪ መሆኑ ነው፤ የላላ ብሎን፣ የበሰበሰ ገመድ፣ የሚያፈስ ዘይት፣ ያረጀ ባትሪ። ጥቃቅን፣ ርካሽ ነገሮች። ያች ሚኒባስ በዚያ ደብተር ላይ የተመዘገበችው አንዴ ብቻ ነው። እነሆ ስምንት ወር ሆናት፤ በዲናሞ ምክንያት አልተመለሰችም።

ጽሑፌስ? ሁለተኛውን ለመጻፍ ስነሣ አባዬን ፈቃድ ጠየቅሁት። «የአንተ ነገር ሊገባበት ነው፤ ካላልህ ርዕስ እቀይራለሁ» አልሁት። ቴስተሩን እየጠቀለለ ትንሽ አሰበ። «ጻፊው» አለ። «ዛሬም እንደ እኔ ገመድ እየነቀለ የሚፈትሽ አለ። አንዱ ቢያነበው የአንድ ሰው ዳዮድ ይተርፋል።» መምህሬ ሁለተኛውን ጽሑፍ ሲመልሱልኝ ውጤት ነበረበት። ውጤቱን እዚህ አልናገርም፤ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ግን ከቀይዋ ጥያቄ ጋር እስከ ዛሬ አጣጥፌ መታወቂያዬ ጀርባ አኑሬዋለሁ። ያ ጽሑፍ ታትሞ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሽማግሌን ስም እንደዚያ ዳዮድ አቃጥለው ነበር። ስም ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄደው የሚገዙት መለዋወጫ የለውም።

በቅርቡ አባዬ ሌላ ጭንቀት ይዞታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። «እነዚህ ዲናሞ አላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ማታ። የላቸውም፤ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላላቸው ከትልቁ ባትሪ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እሱም ግን ይቃጠላል» አለ።

«ይቃጠላል።»

«እንግዲያው ለምን እንደተቃጠለ የሚፈልግ ሰው ያስፈልገዋል» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። በማግስቱ ስለ መሣሪያው የሚያስረዳ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እንዳመጣለት አዘዘኝ። እሱ ስዕሉን ያያል፣ እኔ አነብለታለሁ፤ አሁን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነን።

ቸር እንሰንብት።